መስማትና ማዳመጥ፤ የሁለት ግሦች ታሪክ

በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሲመላለስ የከረመ ባለጉዳይ ምሬቱን ለመግለጽ ሲፈልግ «ሰሚ አጣሁ» ይላል። «አድማጭ አጣሁ» ብሎ ግን አቤቱታውን ሲጀምር እምብዛም አይገኝም። ምናልባት ነገሩን ባስረዳበት ጊዜ ሹሙ ራሱን እየነቀነቀ፥ አልፎ አልፎም «እሺ» እያለ፥ ቃሉን እስከ መጨረሻው አዳምጦት ይሆናል። ባለጉዳዩም መደመጡን አይክድም። እርሱ የጐደለበት መደመጡ ሳይሆን መሰማቱ ነው። እንግዲህ ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ በሁለቱ ግሦች መካከል ያለውን ልዩነት አጥርቶ ያውቃል ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ልዩነቱን ተንትኖ እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ለማስረዳት ቢቸገር።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ልዩነት ነው። በዛሬ ጊዜ በትምህርት ቤቶቻችን ቋንቋ የሚሰጠው በአራት ክሂሎች ተከፍሎ ነው፤ እነርሱም ማዳመጥ፥ መናገር፥ ማንበብና መጻፍ ናቸው። በዚህ ክፍያ ላይ የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ መስማት የጆሮ ሥራ ብቻ ነው፤ ሰው ባይፈልግም ይሰማል፤ ማዳመጥ ግን ፈቃድንና ሐሳብን የሚጠይቅ ከፍ ያለ ሥራ ነው። ይህ አነጋገር ከውጭ አገር የማስተማሪያ መጻሕፍት ጋር የመጣ ነው፤ በዚያ አገር ቋንቋዎች ሲመዘንም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በእኛ ቋንቋ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ደረጃው ይገለበጣል። በአማርኛ ማዳመጥ ደጃፉ ሲሆን፥ መስማት ግን ቤቱ ነው። ይህን ለማስረዳት የሁለቱን ግሦች ትውልድ ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

«ሰማ» የሚለው ግሥ የተገኘው ከግእዙ «ሰምዐ» ነው። ይህ ግሥ በሴም ነገድ ቋንቋዎች ሁሉ ዘንድ የታወቀ እጅግ ጥንታዊ ግሥ ነው። ዕብራይስጡ «ሻማዕ»፥ ዐረብኛው «ሰሚዐ»፥ ሱርስቱ «ሽማዕ» ይለዋል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሸክላ ጽላት ላይ ይጻፍ የነበረው የባቢሎንና የአሦር አካድኛም «ሸሙ» ይለው ነበር። በትግርኛ ዛሬም «ሰምዐ» ይባላል። በመጽሐፍ ቅዱስ የሚገኙት ስምዖንና እስማኤል የተባሉ ስሞችም ከዚሁ ግሥ የተወለዱ ናቸው። በእኛም አገር ልጁን «ተሰማ»፥ «ይስማው» ወይም «ሰማኸኝ» ብሎ የሚሰይም አባት ጸሎቱ ወይም ስለቱ ሰሚ እንዳገኘ በልጁ ስም ይመሰክራል።

«ሰምዐ» ወደ አማርኛ ሲገባ የመጨረሻውን የጉሮሮ ድምፅ፥ ማለት ዐይኑን «ዐ»ን ጥሎ ነው። ድምፁ ቢጠፋም ግን ዱካው አልጠፋም፤ በፊቱ የነበረውን ፊደል ወደ ራብዕ ለውጦት ሄዷል። በዚህ ዐይነት በልዐ «በላ»፥ ገብአ «ገባ»፥ ወፅአ «ወጣ» እንደ ሆኑ ሁሉ፥ ሰምዐም «ሰማ» ሆኗል። የጠፋው ድምፅ ግን በአንዳንድ ቃላት ላይ እስከ ዛሬ ይጻፋል፤ «ሰማዕት» ብለን ስንጽፍ ዐይኑን «ዕ»ን የምንጠብቀው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን አዘውትሮ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። «ሰምና ወርቅ» በምንልበት ጊዜ «ሰም» የሚለው ቃል ከመስማት የመጣ የሚመስላቸው አሉ። እውነት ነው፤ ሰም ማለት ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው፥ ወርቅ ማለት ደግሞ ልብ በኋላ የሚያገኘው ነው ብሎ ማስረዳት ያስደስታል። የቃሉ ዘር ግን ሌላ ነው። የንቡ ሰም በግእዝ ሥረ መሠረቱ በንጉሡ «ሠ» የሚጻፈው «ሠምዕ» ሲሆን፥ የመስማት ግሥ ግን በእሳቱ «ሰ» ነው። ለዚህም ዐረብኛው ምስክር ይሆነናል፤ እርሱ ሰሙን «ሸምዕ»፥ መስማቱን ግን «ሰሚዐ» ብሎ ለያይቶ ይጠራቸዋል። ሁለቱ ፊደላት በእኛ አንደበት አንድ ድምፅ ከሆኑ በኋላ ቃላቱ መንታ መሰሉ እንጂ እናታቸው አንድ አይደለችም። የወርቅ አንጥረኛው በሰም ቅርጽ አውጥቶ፥ በጭቃ ለብጦ፥ ሰሙን አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ በስፍራው ወርቁን እንደሚያስገባ፥ ምሳሌው የተወሰደው ከዚህ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ «ሰማ» በአማርኛ የያዘውን የትርጓሜ ስፋት እንመልከት። አንደኛ፥ በጆሮ ድምፅን መቀበል ነው። ሁለተኛ፥ ማስተዋል ነው፤ «ግእዝ ይሰማል» ወይም «ኦሮምኛ ይሰማል» ስንል ሰውየው ቋንቋውን ያውቃል ማለታችን እንጂ ጆሮው ደኅና ነው ማለታችን አይደለም። ሦስተኛ፥ በሰውነትና በልብ መለየት ነው፤ ቅዝቃዜ ይሰማናል፥ ሕመም ይሰማናል፥ ኀዘንና ደስታም ይሰማናል፤ ይህ ሁሉ ከጆሮ ጋር ግንኙነት የለውም። አራተኛ፥ መታዘዝ ነው፤ «ይህ ልጅ አልሰማ አለ» የምትል እናት ልጇ ደንቈሮ ሆነ ማለቷ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። አምስተኛ፥ ግሡ የመደራረግን መልክ ሲይዝ «ተስማማ» ይሆናል። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ቃል ሲሰሙ ስምምነት ይገኛል፤ ሁለት መንግሥታት የሚፈራረሙበትም ሰነድ «የስምምነት ውል» ይባላል። እንኳን ሰውና ሰው፥ ምግብና ሰውነት፥ አየርና ጤናም «ይስማማሉ»። ባልና ሚስትን ከጠባቸው የሚመልስ ሽማግሌ «አስማማ» ይባላል፤ አንዱን ለሌላው አሰማው ማለት ነው።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ስድስተኛው ነው። በግእዝ «ስምዕ» ማለት ምስክርነት፥ «ሰማዕት» ማለትም ምስክር ነው። ስለ ሃይማኖቱ ወይም ስለ አገሩ ደሙን ያፈሰሰ ሰው ሰማዕት የተባለው፥ የሰማውን ቃል በሕይወቱ ስለ መሰከረ ነው። ግሪኮችም ምስክርን «ማርቲስ» ብለው፥ በዚሁ ስም ስለ እምነቱ የሞተውን ሰው ጠርተውበታል፤ ነገር ግን የእነርሱ ቃል ከጆሮ የተወለደ አይደለም። የእኛው ግን ምስክርነትን በቀጥታ በመስማት ላይ መሥርቶታል። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የቆመው፥ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሽስት ጣሊያን ጦር እጅ ያለቁትን ወገኖች የሚያስታውሰው ሐውልት «የሰማዕታት ሐውልት» ተብሎ ሲጠራ፥ የመስማት ግሥ እስከ ምን ድረስ ከፍ እንዳለ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል።

ስለ ምን ምስክር በማየት ሳይሆን በመስማት ተሰየመ? እንደሚመስለን ምክንያቱ የጥንቱ ውል የሚጸናው በቃል ስለ ነበረ ነው። ርስት ሲሸጥ፥ ጉልት ሲሰጥ፥ ብድር ሲበደሩ፥ ጋብቻ ሲጋቡ፥ ነገሩ የሚጸናው በጽሕፈት ሳይሆን በሰው ፊት በተነገረ ቃል ነበረ። በየአብያተ ክርስቲያናቱ በወንጌል ኅዳግ ላይ ተጽፈው የሚገኙት የርስትና የጉልት መዛግብት እንኳ ውሉ ሲፈጸም በስፍራው የነበሩትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ጽሑፉ ማስታወሻ ነው፤ ውሉን የተሸከሙት ግን ቃሉን የሰሙት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በዚያ ሥርዐት የሰማ ሰው ዕዳ ነበረበት። ነገ ሲጠየቅ የሰማውን መመስከር ግዴታው ነው።

«አዳመጠ» የሚለው ግሥ ታሪክ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ግእዝ ጆሮን ሰጥቶ ለመስማት «አጽምዐ» የሚል ግሥ አለው፤ በጸሎት መጻሕፍት ዘወትር ይገኛል። ነገር ግን ይህ ግሥ በዕለት ንግግራችን ቦታ አላገኘም። አማርኛ በእርሱ ፈንታ ከ«ድምፅ» የራሱን ግሥ አወጣ። የግእዙ «ፀ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል፤ ፅርስ «ጥርስ»፥ ፀብእ «ጠብ» እንደ ሆኑ ማለት ነው። በዚሁ ሕግ ድምፅ «ድምጥ» ሆነና ከእርሱ «አደመጠ»፥ «አዳመጠ» የሚሉት ግሦች ተገኙ። እንግዲህ አዳመጠ ማለት በሥረ ነገሩ ድምፅን ተከተለ፥ ድምፅን ፈለገ ማለት ነው። የሐኪሙ ማዳመጫ በትክክል ተሰይሟል፤ ሐኪሙ የልብን ምት በማዳመጫው ያዳምጣል፤ በሽታውን ያወቀ ጊዜ ግን ከማዳመጥ አልፏል።

ከዚህ የተነሣ የሁለቱ ግሦች ድንበር ግልጥ ይሆናል። አዳመጠ የሚነግረን ሰውየው ወደ ድምፁ መሄዱን ነው፤ ሰማ ግን ቃሉ ወደ ሰውየው መግባቱን ነው። አዳምጦ አለመስማት ይቻላል፤ «አዳምጬው ነበር፤ ግን አልሰማሁትም» ቢባል ያስኬዳል። ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ግን ጥፋት ነው፤ አገራችንም ለዚህ ጥፋት ስም አውጥታለታለች፤ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ትለዋለች።

ይህ የግሥ ዕድገት በእኛ ብቻ የተወሰነ እንዳይመስለን፥ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። በጀርመንኛ መስማት «ሆረን» ይባላል፤ የመጀመሪያው አናባቢ በ«ኦ»ና በ«ኤ» መካከል የሚነገር ነው። ከእንግሊዝኛው የመስማት ግሥ ጋር የአንድ አባት ልጅ ነው። በጥንታዊው የጎት ቋንቋ «ሐውስያን» ይባል ነበረ፤ በኋላ ዘመን «ሰ» ወደ «ረ» ተለውጦ ዛሬ ያለውን መልክ ያዘ። እኛ ዐይኑን «ዐ»ን እንደ ጣልን እነርሱም ድምፃቸውን ለወጡ። የሚያስደንቀው ግን ድምፁ ሳይሆን ልጆቹ ናቸው። ከሆረን «ሆርኸን» ተወለደ፤ ጆሮን ጥሎ ማድመጥ ማለት ነው። ከዚያም «ገሆርኸን» መጣ፤ መታዘዝ ማለት ነው። እንደዚሁም «ገሆረን» ተገኘ፤ ይህም በጥንቱ ጊዜ መስማት የነበረው፥ በኋላ የእገሌ ወገን መሆን፥ የእገሌ ገንዘብ መሆን የሚል ትርጓሜ ያዘ። ሰው ቃሉን ለሚሰማው ይታዘዛል፥ ለሚታዘዘውም ወገን ይሆናል ማለት ነው። በላቲንም የመታዘዝ ግሥ «ኦቤዲሬ» ከመስማት ግሥ ከ«አውዲሬ» የተሠራ ነው።

ከጀርመንኛው ልጆች ሁሉ ግን ይልቁን ልብ የሚስበው «አውፍሆረን» የሚባለው ነው። ቃሉ ሲፈታ «ቀና ብሎ መስማት» የሚል ይመስላል፤ ዛሬ የያዘው ትርጓሜ ግን «ማቆም፥ መተው» ነው። ምክንያቱን ለማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ሥራ ይዞ አጐንብሶ የነበረ ሰው ሲጠሩት ቀና ብሎ ጆሮውን ይሰጣል፤ በዚያች ቅጽበትም የያዘውን ሥራ ያቆማል። እንግዲህ በዚያ ቋንቋ ማስተዋል እውነተኛ መስማት የራስን ሥራ ማቆምን ይጠይቃል። ወረቀት እየፈረመ፥ ስልክ እያነጋገረ፥ ባለጉዳይ «እሰማሃለሁ፤ ቀጥል» ለሚል ሹም ይህ ቃል ጥሩ ትምህርት ይሆነዋል። የዚያ አገር ሰዎች የዩኒቨርሲቲ አዳራሻቸውንም «ሆርዛል»፥ የመስሚያ አዳራሽ፥ ብለው ይጠሩታል።

ጀርመኖችና የእኛ ቋንቋ የተገናኙትም በመስማት ነው። በ1624 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በኤርፉርት የተወለደው ኢዮብ ሉዶልፍ ግእዝን አስቀድሞ ከመጻሕፍት አጥንቶ ነበር። መጽሐፍ ግን የቋንቋውን ድምፅ ሊሰጠው አልቻለም። በ1649 ወደ ሮም ሄዶ በዚያ የሐበሾች ገዳም መካነ ሥላሴ ከሚባለው የአምሐራ ክፍል የመጡትን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ከተማ መጥተው ቋንቋቸውንና የአገራቸውን ታሪክ አስተማሩት። ሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላቱን በ1661፥ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን ደግሞ በ1698 አሳትሟል። አባ ጎርጎርዮስ ግን ያን የአማርኛ መጽሐፍ አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ላይ መርከብ ተሰብሮ ሞተዋል። በኤውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት የተመሠረተው እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ሲናገር አንድ ጀርመናዊ ተማሪ ስለ ሰማ ነው። ከዚያ በኋላ አውጉስት ዲልማን በ1865 ታላቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በእኛም በኩል የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ፈጻሚነት በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል።

ይሁን እንጂ የመስማት ግሥ ሙሉ ትርጓሜ የሚገኘው በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በጉባኤ ቤት ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን የጐጃም አድባራት ናቸው። ከደጀን በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ የሚከተል መንገደኛ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ ደብረ ወርቅን ያገኛል። የደብረ ወርቅ ማርያም ገዳም በኰረብታ ላይ ተቀምጣ ከተማዪቱን ትመለከታለች። «ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ስለ ሆነ የስሙ ትርጓሜ የወርቅ ተራራ ነው። ደብረ ወርቅ፥ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በትምህርታቸው ስማቸው የተጠራ ስፍራዎች ናቸው፤ ጐጃምም በጠቅላላው የቅኔ አገር ተብሎ ሲወሳ ኖሯል። ከሦስቱ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ የጐጃም ሲሆኑ ሦስተኛው ዋድላ ነው።

በቅኔ ቤት ትምህርቱ የሚያልፈው በጆሮ ነው። መምህሩ ቅኔውን ይናገራሉ፤ ተማሪው ይሰማል፥ ይይዛል፥ መልሶ ይላል። ግሡን በቃሉ ያወርዳል፤ የመጽሐፍ ቅዱሱን ታሪክና ምሳሌውን በቃሉ ይከማቻል። ከዚያም ብቻውን ወደ ጸጥታ ስፍራ ወጥቶ ቅኔ ይቈጥራል፤ ተመልሶም የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ሰሚው መምህሩ ይሆናሉ። ገና ጉባኤ ቃና የሚባለውን ሁለት ቤት ለመግጠም የሚታገለውን ልጅ ቃል፥ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እንደ ውኃ የሚያፈሱት ሊቅ በትዕግሥት ይሰሙታል፤ የሰዋስው ስሕተት ቢኖር ያቃናሉ፥ ምሥጢሩ ቢጐድል ይሞሉለታል። ማረም ማለት ይህ ነው። ሳይሰሙ ማረም አይቻልም።

በማኅሌት ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ቅኔ አዲስ ሆኖ ለዕለቱ የሚቀርብ ነው፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ ሰሚው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያነበው ገጽ የለውም። ባለ ቅኔው ሲናገር ተቀባዩ እየተቀበለ ያሰማል፤ የቆሙት ሊቃውንት ሰሙን በጆሯቸው፥ ወርቁን በልባቸው ይይዛሉ፤ ምሥጢሩን ያገኙ ጊዜም «ይበል!» ይላሉ። ይህ «ይበል» የጭብጨባ ዐይነት አይደለም፤ ቃሉ እንደ ተሰማ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ዐይነ ስውራን ሊቃውንት በየጉባኤ ቤቱ ታላላቅ መምህራን ለመሆን የበቁትም ትምህርቱ በጆሮ የሚሄድ ስለ ነበረ ነው።

ከነዚህ ጉባኤ ቤቶች አንዱን የቀመሰ ደራሲ ዘንድ የመስማት ታሪክ ሌላ መልክ ይዟል። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው። በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገራቸውን ያገለገሉት እኚሁ ሰው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጐጃምን ሕይወት፥ የቆሎ ተማሪውንም ኑሮ ጭምር የሚተርክ ነው። መጽሐፉ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በተተረከ ጊዜ ፊደል ያልቈጠረው ሰው ሳይቀር የታሪኩ ባለቤት ሆነ። በቃል ትምህርት ያደገ ደራሲ የጻፈው መጽሐፍ ተመልሶ በጆሮ ወደ ሕዝቡ ገባ። ብዙ ሰዎች ዛሬም ያን መጽሐፍ «አነበብሁት» ሳይሆን «ሰማሁት» ይላሉ፤ ቢሉም አላጐደሉም።

የመንግሥትም ነገር ቢሆን በጆሮ ሲሄድ የኖረ ነው። ዐዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን፥ ነጋሪት ተጐስሞ፥ «ስማ! ስማ!» ተብሎ ነበረ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ቃል የሚያሳየን፥ በዚያ ሥርዐት ሰሚው ሁሉ መልእክተኛ መሆኑን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት ዐዋጅ ያን ሁሉ ሠራዊት ለዐድዋ ያሰባሰበው በዚሁ መንገድ ነው። ነጋሪት ራሱ «ነገረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነው። በ1934 ዓ.ም. ሕግ በጽሕፈት መታወጅ ሲጀምር ለሕጉ መጽሔት የተሰጠው ስም «ነጋሪት ጋዜጣ» ሆነ፤ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህም «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ ይወጣል። ከበሮው ዝም ቢልም ስሙ በወረቀት ላይ ቀርቷል። በፍርድ ቤትም ዛሬ ሁሉ ነገር ተጽፎ ሲቀርብ፥ ዳኛው አሁንም ክስ «ይሰማል»፥ ምስክር «ይሰማል» እንጂ «ያነባል» አይባልም። ፍርድ ከመስማት እንደሚወለድ ቋንቋው አልረሳም።

ጆሮ ሁሉ ግን የተመሰገነ አይደለም። ሰውን ለማጥመድ የሚያዳምጥ «ጆሮ ጠቢ» ይባላል። ጀርመኖችም «ላውሸን» የሚሉት ግሥ አላቸው፤ ተሸሽጎ ማድመጥንም፥ ዜማን በተመስጦ ማድመጥንም ይገልጣል። ማዳመጥ እንግዲህ በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም፤ ለበጎም ለክፉም ሊውል ይችላል። ጆሮ ጠቢው ከማንም ይልቅ አጥብቆ ያዳምጣል፤ ነገር ግን የሚናገረውን ሰው አይሰማውም።

የቀድሞውን ሁሉ አመስግነን የዛሬውን ሁሉ ልንነቅፍ አይደለም። በቃል ብቻ የሚሄድ ትምህርት የራሱ ጉድለት አለው። ሳያስተውሉ ቃልን መያዝ እንዳለ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ቃሉን ይዞ ምሥጢሩን ያላገኘ ተማሪ በየዘመኑ ነበረ። መታዘዝን ብቻ ከመስማት የቈጠረ ሥርዐትም የታናሹን ጆሮ ከፍቶ የታላቁን ዘግቶ ሊኖር ይችላል። የ«ሰማ» ትርጓሜ ግን ይህን አይፈቅድም። «ተስማማ» የሚለው ቃል የሚገኘው ሁለቱም ወገኖች ሲሰሙ ብቻ ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ ተናጋሪ፥ ሌላው ሁልጊዜ ሰሚ በሆኑበት ስፍራ ትእዛዝ እንጂ ስምምነት የለም። የቅኔው መምህር ክብራቸው ሳይጐድል የተማሪውን ቃል መስማታቸው ምሳሌ የሚሆነን ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለመምህራን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። የማዳመጥን ክፍለ ጊዜ ሲያስተምሩ መስማትን ዝቅተኛ ደረጃ አድርገው አያስቀምጡብን። ለተማሪው «አዳምጥ» ካሉት በኋላ «ምን ሰማህ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱም በፈንታው ይሰማለት። ተማሪዎችም የእናታቸውን ቋንቋ በሌላ ቋንቋ ሚዛን ከመመዘናቸው በፊት ሥሩን ይመርምሩ፤ አንድ ግሥ ብቻ እንኳ ስንት ዘመን ተሸክሞ እንደ መጣ ያገኙታል።

በሹመት ወንበር ላይ ላሉትም ቃሉ ራሱ ይበቃል። የተደመጠ አቤቱታ በመዝገብ ተጽፎ ሊቀር ይችላል፤ የተሰማ አቤቱታ ግን በሰሚው ላይ ዕዳ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ልማድ የሰማ ሰው ምስክር ነው። ባለጉዳዩ «ሰሚ አጣሁ» ሲል የሚፈልገው ጆሮ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ተቀብሎ ነገ ሊመሰክርለት የሚችል ሰው ነው።